የአዋቂዎች የቤት ለቤት ክብካቤ በኢትዮጵያ፤ ጥራቱና ደኅንነቱ

የቤት ለቤት ክብካቤ የሚባለው የታመመ፣ በዕድሜ የደከመ ወይም የአካል ጉዳት ያለበት አዋቂ ከቤቱ ሳይወጣ የሚያገኘው የሕክምና፣ የንጽሕና፣ የምገባና የማጽናናት አገልግሎት ነው። ማስታመም በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የልጅ፣ የምራትና የጎረቤት ግዴታ ሆኖ ኖሯል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ማለቱም ከዚሁ የመጣ ነው። መዝገብ፣ ሥልጠናና ተቆጣጣሪ ያለው አገልግሎት ግን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገልግሎቱን በዋናነት የወለደው ኤድስ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች በ1986 ከታወቁ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሆስፒታል አልጋ ሊበቃ አልቻለም፤ ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ2003፣ በነጻ የሆነው ደግሞ በጥር 2005 ስለነበር፣ ከዚያ በፊት ከሆስፒታል የተሸኘ ታማሚ ቤቱ ገብቶ የአልጋ ቁራኛ ከመሆን ሌላ መንገድ አልነበረውም። ክፍተቱን የሸፈኑት ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ያቋቋሟቸው እንደ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራት፣ የሃይማኖት ተቋማትና የአዲስ አበባ ዕድሮች ናቸው። ለቀብርና ለሐዘን የተቋቋመው ዕድር መተዳደሪያ ደንቡን አሻሽሎ በሕይወት ያለ አባሉን ማስታመም መጀመሩ በአገሪቱ የማኅበራዊ አገልግሎት ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ያህል ያልተነገረለት ትልቅ እርምጃ ነው።

በጎ ፈቃደኛ አስታማሚዎቹ በአብዛኛው የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ። በቦርሳቸው ጓንት፣ ጎዝ፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ለአፍና ለቆዳ ቁስል የሚቀባው ጄንሺያን ቫዮሌት፣ ተቅማጥ ላደከመው ሰው የሚበጠበጠው «ለምለም» ይያዝ ነበር። አስታማሚዋ ከታማሚው ደጃፍ ስትደርስ መታወቂያዋን ከነጠላዋ ሥር ትሸሽጋለች፤ ጎረቤት ካወቀ አከራይ ቤቱን ሊያስለቅቅ፣ ልጆቹም ሊገለሉ ይችላሉና እንደ ዘመድ ጠያቂ ሆና ትገባለች። ዛሬ በመመሪያ የሚጻፈው የታማሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ በእነዚህ ሴቶች ዘንድ በተግባር የታወቀው ከመመሪያው በፊት ነው። ከጠበልና ከመድኃኒት አንዱን መምረጥ ግድ የሆነበት የመሰለው ታማሚ ክኒኑን ሲያቋርጥም በመጀመሪያ የምታውቀው አስታማሚዋ ነበረች። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ሁለቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ መናገራቸው ለሥራዋ ትልቅ እገዛ ሆኗል። ፈቃደኞቹ ደመወዝ ሊከፈላቸው ይገባ ነበር ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ ክፍያ ቢኖር የበጎ ፈቃድ መንፈሱ ይጠፋ ነበር የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የራሷን ጎጆ በጉሊት የምታስተዳድር ሴት ሳምንቱን ሙሉ ያለ ክፍያ እንድታስታምም መጠበቅ ተገቢ አልነበረም።

በ2003 ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ በካንሰርና በሌሎች ጽኑ ሕመሞች የሚሠቃዩትን በቤታቸው እየተመላለሰ የሚያስታምም አገልግሎት ጀመረ። በዚያው ዓመት የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን የመደበ ሲሆን በ2009 ወደ ከተሞች ተስፋፍቷል፤ ትኩረቱ ግን በሽታን መከላከል ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2016 ብሔራዊ የሕመም ማስታገሻ ክብካቤ መመሪያ አወጣ። በ2020 በኮቪድ ወቅት ቀላል ምልክት ያላቸው ታማሚዎች በቤታቸው እንዲታከሙ ተደርጓል።

የአገልግሎቱ ጥራት የሚለካው በጥቃቅን ሥራዎች ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ካልተቀየረ ወገቡ፣ ዳሌውና ተረከዙ ላይ የአልጋ ቁስል ሊወጣ ይችላል። ስትሮክ ያገኛቸውን እናት በቀኝ ጎናቸው ያስተኛች ልጅ ትራስ በጉልበቶቻቸው መካከል ታስገባለች፤ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካም ከባት ሥር የታጠፈ ጋቢ ታደርጋለች፤ አንሶላውን ስትጎትት ቆዳ እንዳይላጥ ሁለት ሰው ሆነው በአንሶላው ያነሷቸዋል። ደም ወይም ፈሳሽ የነካው ዕቃ የሚነከርበት በረኪና 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከዚህ ከቀጠነ ጀርሙን በሚገባ ላይገድል ይችላል፣ ከወፈረ እጅ ያቃጥላል። የመዋጥ ችግር ያለበት ታማሚ ተጋድሞ ከተጎረሰ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል በፍቅር የተሰጠ ጉርሻም አደጋ አለው፤ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ከሰል ማቀጣጠል፣ ዕጣን ማጨስና ቡና ማፍላት ክልክል ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ ያለው ቤት ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚተካው ሲሊንደር ሊኖረው ይገባል።

የአስታማሚዋ ደኅንነት ከታማሚው ተለይቶ አይታይም። ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች ሴት መድኃኒት ልታሳስት፣ ከባድ ሰው ስታነሳም ወገቧ ሊጎዳ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ለማግኘት ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጪ ስላደረገ፣ በድርጅት ተቀጥራ የምትላክ አስታማሚ በአዋጁ ስትጠበቅ፣ በደላላ አማካይነት ቤተሰብ በቀጥታ የሚቀጥራት ግን ያ ጥበቃ የላትም። ወደ ዓረብ አገራት ለሥራ የምትሄድ እህት በ2008 ዓ.ም. በወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ተደንግጓል፤ እዚሁ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሽማግሌ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ለምትይዘው ግን ይህን ወረቀት የሚጠይቃት እምብዛም ነው። በአሜሪካ የሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) አገልግሎት በሚሰጡ ድርጅቶች ውስጥ በ«ሆም ኬር» ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ቢያንስ 75 ሰዓት ሠልጥነዋል፤ ከዚህም ቢያንስ 16ቱ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ የተግባር ልምምድ ነው።

በደንብ የሚሠሩ ነርሶች በየቤቱ ከራስጌ አንድ ደብተር ያስቀምጣሉ። መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ ታማሚው መቼ እንደተገላበጠ፣ ምን ያህል እንደጠጣና ሽንቱ እንዴት እንደነበረ ቀን የዋለችውም ሌሊት ያደረችውም ትጽፍበታለች፤ ተመላላሿ ነርስ ስትመጣ በመጀመሪያ የምታነበው እሱን ነው።