ማርሚታ መቀየር ሞተር አያቀዘቅዝም

«ማርሚታውን ክፍት አድርግልኝ፤ ሞተሩ እንዲጠነክርም እንዲቀዘቅዝም።» ይህን ከስንት ባለ ሞተር ሳይክል እንደሰማሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ማርሚታ የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ ነው። አብዛኛው ዕቃውን ገዝቶ ነው የሚመጣው። «በዚህ አይቀዘቅዝም» ስለው ቅር ይለዋል። ደጋግሜ ከማስረዳ ብዬ ዛሬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ኃይል ጎማ የሚያዞረው አብዛኛውን ጊዜ ከሲሶው አይበልጥም። የቀረው ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫው፣ በራዲያተሩና በሞተሩ አካል በኩል ይወጣል። ጉልበት ጨመራችሁ ማለት ብዙ ቤንዚን አቃጠላችሁ ማለት ነው። ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። ሲሊንደር አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ያስገባ ሰው «ለምን ጋለብኝ?» ሲለኝ መልሴ ይኸው ነው።

ወደ ማርሚታው ልመለስ። «ጭሱ በቀላሉ ሲወጣ ሞተሩ ይተነፍሳል፣ ይቀዘቅዛል» ይባላል። መተንፈሱ እውነት ነው። መቀዝቀዙ ግን አይደለም። ብዙ አየር ሲገባ ቤንዚኑ አብሮ ካልጨመረ የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ ይሳሳል። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሞተር ከፍተኛ ጉልበት የሚሰጠው ግን ድብልቁ ወፈር ሲል፣ አየሩ ወደ 12.5 ወይም 13 ሲወርድ ነው። ፋብሪካዎች በጭስ ሕግ ምክንያት በመደበኛ ጉዞ ላይ ወደ 14.7 አስጠግተው ያወጡታል። ብዙ የሚተርፍ ቤንዚን የለውም። እናንተ ደግሞ አየር ጨመራችሁበት። ትርፉ ቤንዚን ሲተን ማቃጠያውን ያቀዘቅዝ ነበር፤ አሁን እሱ የለም። ስለዚህ ሞተሩ ይግላል፣ ድብልቁ ሲሊንደር ውስጥ ያለ አግባብ እየፈነዳ ማንኳኳት ይጀምራል። ሲብስ ፒስተን ይበሳል።

አንድ ወጣት በአየር የሚቀዘቅዝ 250 ሲሲ ሞተር አምጥቶልኝ ነበር። ማርሚታውን አስቀይሯል። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አስወልቆ ካርቡራቶሩ ላይ ትንሽ ክብ ማጣሪያ አስገጥሟል። ዳገት ላይ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ጉልበቱም ይሞታል። ነዳጅ ሲለቅ ማርሚታው ውስጥ ይተኩሳል። ካንዴላውን ፈትቼ አየሁት፤ እንደ ኖራ ነጭ ነው። የአየር ሳጥኑን መለስኩለት። ሰዎች ያ ሳጥን ዝም ብሎ ቦታ የያዘ ፕላስቲክ ይመስላቸዋል። መጠኑ ተሰልቶ የተሠራ ነው፤ ሲወልቅ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ያለው ጉልበት ይጠፋል። ማርሚታውን ግን አልነካሁትም። የካርቡራቶሩን ዋና ጄት፣ ማለትም ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ፣ አንድ ቁጥር ከፍ አደረግኩ፣ በቃ። ዳገቱን ሳያንኳኳ ወጣው። «ለካ ድምፁ ነው ያታለለኝ» አለኝ። ብዙ ሰው የሚታለለው በዚሁ ነው። ሲጮህ የፈጠነ ይመስላል።

«የእኔ ኢንጀክሽን ነው፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ያስተካክለዋል» የሚሉም አሉ። ኢንጀክሽን ማለት በካርቡራቶር ፈንታ ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ ነው፤ ሴንሰሩ ደግሞ ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይለካል። በዝግታና በእኩል ፍጥነት ሲሄዱ፣ አዎ፣ በመጠኑ ያስተካክላል። ነዳጁን ሙሉ ሲሰጡት ግን ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ሴንሰሩን ትቶ ፋብሪካ በጫነለት ሰንጠረዥ ነው የሚሠራው። ሰንጠረዡ ደግሞ ስለ አዲሱ ማርሚታ አያውቅም። እባካችሁ፣ ለማርሚታ ገንዘብ ስትመድቡ የነዳጅ ማስተካከያውን አብራችሁ መድቡ። ለሁለቱም ካልበቃ ማስተካከያውን አስቀድሙ። ድብልቁ ለሳሳበት ሞተር ጉልበት እየጨመረ ሙቀት የሚቀንስለት ሥራ እሱ ነው።

ካታሊስት (የጭሱን መርዝ የሚቀንስ ዕቃ) ያለበትን ጭስ ማውጫ አስወልቀው «እግሬን አይለበልበኝም» የሚሉትንም እሰማለሁ። ልክ ናቸው፤ ካታሊስቱ ራሱ በጣም ይግላል። ግን የቀዘቀዘው እግራችሁ ነው፣ ሞተሩ አይደለም። በብዙ አገርም ሕግ ይከለክለዋል። ጭስ ማውጫው ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅም እግር ከማዳን አያልፍም። እርጥበት ይዞ ቧንቧውን ያዝገዋል።

ያጠነክራሉ ወይም ያቀዘቅዛሉ የሚባሉትን የተቀሩትን ነገሮች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ለተራ ሞተር ጉልበት አይጨምርም። ማንኳኳትን ይቋቋማል እንጂ።

«ቀዝቃዛ» የሚባለው ካንዴላ የሚያቀዘቅዘው የራሱን ጫፍ ነው። ያለ ቦታው ከገባ ጥላሸት ይይዛል።

ወፍራም ዘይት አያቀዘቅዝም። ራሱ ሲፋተግ ሙቀት ይፈጥራል። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር ደግሞ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል ፈልጉ፤ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን የሚሆን ዘይት ምልክት ነው፤ አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮን ያንሸራትታል።

«ቴርሞስታቱን አውጣው» የሚለው ምክር በተለይ ያናድደኛል። ቴርሞስታት ሞተሩ ሲሞቅ ራሱ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ያሳልፋል። ሲወጣ ሞተሩ ለመሞቅ ይዘገያል፣ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ይቀራል፣ ቤንዚን ይባክናል። ተበላሽቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ፈትታችሁ ውሃ ውስጥ ጣዱት። ውሃው እየፈላ ካልተከፈተ አዲስ ግዙ።

የዘይት ማቀዝቀዣ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር እውነተኛ ጥቅም አለው። የራሱ ቴርሞስታት ያለውን ምረጡ፤ ዘይት ከመጠን በላይ መቀዝቀዝም የለበትም።

ባለፈው አንድ ሰው ትልቅ ራዲያተር ገዝቶ «ግጠምልኝ» ብሎ መጣ። የድሮውን አየሁት። ክንፎቹ መሃል ጭቃና የሞተ ነፍሳት ጠቅጥቋል፣ ግማሾቹ ተጣመዋል። ከኋላ በኩል በቀስታ ውሃ ለቀቅኩበት፣ የተጣመሙትን አቃናሁ፣ የማቀዝቀዣ ውሃውን ቀየርኩ። ቆሞ እየሠራ ግማሽ ሰዓት ጠበቅነው። ማራገቢያው ይነሳል፣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ማራገቢያው መልሶ ይጠፋል። አዲሱን ራዲያተር ካርቶኑ ሳይከፈት ይዞት ተመለሰ።