ስለ እንግሊዝ የክሪኬት ወቅት የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች

ዱባይ ወይም ለንደን የኖረ ሐበሻ ክሪኬትን በሩቁም ቢሆን ያውቀዋል። ስለ እንግሊዝ የአገር ውስጥ ውድድር የሚወራው ግን ብዙው የተደባለቀ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«አምስት ቀን ተጫውተው ያለ አሸናፊ ይለያያሉ»
አምስት ቀን የሚፈጀው አገር ከአገር የሚገናኝበት ቴስት ነው። በአውራጃ ስም የሚጠሩት ክለቦች፣ ማለትም ካውንቲዎቹ፣ የሚወዳደሩበት የካውንቲ ሻምፒዮንሺፕ ጨዋታ አራት ቀን ነው። ያለ አሸናፊ መለያየት አለ፤ ግን በከንቱ አይደለም። በ2025 ለድል 16፣ ለአቻ 8 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ማሸነፍ የማይችል ቡድን እስከ መጨረሻው ቀን ማታ ላለመሸነፍ ይታገላል። እኔ በበኩሌ ከሁሉም የሚጥመኝ ይሄ ትግል ነው።

«ያው አንድ ሊግ ነው»
አይደለም። 18ቱ ካውንቲዎች በሁለት ዲቪዚዮን ተከፍለው ሻምፒዮንሺፑን በሚያዝያ ይጀምራሉ፣ በመስከረም ይጨርሳሉ። መሐል ላይ ለእያንዳንዱ ቡድን 20 ኦቨር (አንድ ኦቨር ስድስት ውርወራ ነው) የሚሰጠው አጭሩ ውድድር፣ ቲ20 ብላስት፣ ይገባል። ነሐሴ ላይ ደግሞ የ50 ኦቨሩ ዋንጫና በ2021 የተጀመረው፣ ለእያንዳንዱ ቡድን 100 ውርወራ የሚሰጠው ዘ ሀንድረድ አሉ። በዘ ሀንድረድ የሚጫወቱት ካውንቲዎቹ ሳይሆኑ ሌሎች ስምንት ቡድኖች ናቸው። ምርጦቹ ተጫዋቾች ወደዚያ ስለሚሄዱ፣ ካውንቲዎቹ የ50 ኦቨሩን ዋንጫ በብዛት በወጣቶች ይጫወቱታል።

«የሴቶቹ በቅርቡ የተጨመረ ነው»
ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። የመጀመሪያው የክሪኬት ዓለም ዋንጫ የሴቶች ነው፤ በ1973 እንግሊዝ ውስጥ ተደረገ። የወንዶቹ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የሴቶች ቴስትም በ1934 ተጀምሯል።

አዲስ የሆነው የአገር ውስጡ አደረጃጀት ነው። ከ2020 እስከ 2024 ስምንት የክልል ቡድኖች ይወዳደሩ ነበር። ከ2025 ጀምሮ ወደ ካውንቲዎች ተመለሰ። ሰሪ፣ ላንክሻየር፣ ደርሃም እና ሌሎች አምስት ከላይኛው እርከን ገቡ። የገቡት ግን በሜዳ ውጤት ሳይሆን ማመልከቻ አስገብተው ተመርጠው ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄ አይዋጥልኝም። የመጀመሪያውን የሴቶች ብላስት ሰሪ ወሰደ።

«አሁን ሁሉም እኩል ሆኗል»
ገና ነው። ሴቶቹ የአራት ቀን ሻምፒዮንሺፕ የላቸውም። የዘ ሀንድረድ የሽልማት ገንዘብ ከመጀመሪያው እኩል ነበር፤ ደመወዙ ግን አይደለም። በ2025 ትልቁ የወንዶች ክፍያ 200,000 ፓውንድ፣ የሴቶቹ 65,000 ነበር።