ዲጂታል ቤተ መዛግብት ምንድን ነው? ከከተማው ጫፍ ሆኖ ታሪክ ለሚያጠና

ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ለሚኖር የታሪክ ተማሪ ስድስት ኪሎ ሩቅ ነው። ታክሲ ይቀያየራል፣ ሰልፍ ይጠበቃል። ከዚያ ሁሉ በኋላ የተፈለገው መጽሐፍ ሌላ አንባቢ እጅ ገብቶ ይገኛል። «አሁን እኮ ሁሉም ኦንላይን አለ» ሲባል ጆሯችን የሚቆመው ለዚህ ነው። ሁሉም የለም። ያለው ግን ቀላል አይደለም፤ ብዙው ደግሞ በነፃ ነው።

ዲጂታል ቤተ መዛግብት ማለት በወረቀት፣ በብራና ወይም በፊልም የነበረ ሰነድ ስካን ተደርጎ፣ መለያ ቁጥርና መግለጫ ተሰጥቶት፣ ከሩቅ እንዲታይ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው። ግራ የሚያጋቡት ጎረቤቶቹ ናቸው። ሰው «ኦንላይን ላይብረሪ» ሲል ካታሎጉንም፣ ዳታቤዙንም፣ ቤተ መዛግብቱንም በአንድ ጠቅልሎ ነው። ሦስቱ ግን ሥራቸው ይለያያል።

ካታሎግ ዝርዝር ነው። ዕቃው የት እንዳለ ይናገራል እንጂ ዕቃውን አይሰጥም። ለንደን፣ ኪው የሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ «አዲስ አበባ» ብላችሁ ብትፈልጉ የድሮ የዲፕሎማሲ ፋይሎች ዝርዝር ይግተለተላል። ተማሪው ደስ ብሎት ይጫናል፤ የሚከፈት ነገር የለም። ስልኩም ኔትወርኩም አልተበላሸም። አብዛኛው ፋይል ገና ስካን ስላልተደረገ ነው። ቢሆንም የፋይሉ ቁጥር ተገኝቷል። በዚያ ቁጥር ቅጂ በክፍያ ማዘዝ ይቻላል፤ ወይም ለንደን ያለ ዘመድ ሄዶ በስልኩ ፎቶ ሊያነሳው ይችላል። ዘመድ ለዚህም ይጠቅማል።

ዳታቤዝ ደግሞ የታተሙ የምርምር ጽሑፎችን ሙሉ ይዘታቸውን ይይዛል። ለታሪክና ለሥነ ሰብእ በጣም የታወቀው ጄስቶር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ ሲቋቋም መነሻው የቦታ ጥበት ነበር፤ የድሮ መጽሔቶች ጥራዝ የዩኒቨርሲቲዎችን መደርደሪያ እያጣበበ አስቸግሮ ነበር። የእኛው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያሳትመው ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ እዚያ ውስጥ አለ። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የተዘጋጀውን መጽሔት ኮዬ ፈጬ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ማንበብ ይቻላል ማለት ነው።

ጄስቶር የሚከፈልበት ነው ብለው ብዙዎች ገና ከበሩ ይመለሳሉ። ግማሽ እውነት ነው። ኢሜይል ያለው ማንም ሰው የግል አካውንት ከፍቶ በ30 ቀን ውስጥ እስከ 100 ጽሑፍ ድረስ በነፃ ማንበብ ይችላል። እስክሪን ላይ ነው የሚነበበው፤ ማውረድ አይፈቀድም። ሁሉም ጽሑፍ አይከፈትም፤ አንዳንድ መጽሔት ደግሞ የቅርብ ዓመታት እትሞቹን አያካትትም። ግን ለአንድ የማስተርስ ጥናት መነሻ የሚሆን ንባብ በወር 100 ካልበቃው ችግሩ ሌላ ነው።

ሌላ ቦታ የክፍያ ገጽ ሲመጣ ዶላር ካርድ ያለው ሰው ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ጽሑፉን በጉግል ስኮላር፣ በጉግል የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ፣ ፈልጉት። ከርዕሱ ሥር ሌሎች ቅጂዎችን የሚያሳይ ማያያዣ አለ። ደራሲው ራሱ በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ በነፃ ያስቀመጠው ቅጂ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ካልሆነ ለደራሲው ኢሜይል መጻፍ ነው። ነውር የለውም። አብዛኛው ተመራማሪ የሚያነበው ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ከዳታቤዝ ሳንወጣ፣ እኔ በጣም የምወደውና ሰው የሚንቀው አንድ ቦታ አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ። በነፃ ይከፈታል። የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲያጠኑ የኖሩት አውራጃን፣ ወረዳን፣ ትንሽ ከተማን ነው። የውጭ ፕሮፌሰር መጽሐፍ ውስጥ ሁለት መስመር የማታገኝ ከተማ እዚያ ሙሉ ጥናት ሊሠራላት ይችላል። ጥራቱ ወጣ ገባ ነው፣ አልዋሽም። ግን መጨረሻ ላይ ያለውን የምንጭ ዝርዝርና ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸውን ሽማግሌዎች ስም ዝርዝር እዩ። እሱ ብቻ የወራት ድካም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ቤተ መዛግብቱ። እዚህ የሚገኘው ሰው ስለ ዘመኑ የጻፈው ትንታኔ ሳይሆን ከዘመኑ የተረፈው ሰነድ ራሱ ነው።

ለምሳሌ ከቱሉ ዲምቱ ብዙም የማይርቀውን የአቃቂን ሬዲዮ ጣቢያ ውሰዱ። ከፋሺስት ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ የቆመ ጣቢያ ነው። ስለ እሱና ስለ ዘመኑ ማጥናት የፈለገ ሰው ጄኔቭ ያለውን የመንግሥታት ማኅበር ቤተ መዛግብት ከቤቱ ሊከፍት ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2022 በተሠራ ሥራ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ገጽ ስካን ተደርጓል። ክፍያ የለውም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቆመው የተናገሩበት ማኅበር የኢትዮጵያን አቤቱታ እንዴት እንደያዘው፣ በየትኛው ፋይል እንዳስቀመጠው ማየት ይቻላል። አንዳንዱ ወረቀት ላይ የጸሐፊዎቹ የእርሳስ ማስታወሻ ሳይቀር ይታያል።

በሌላ በኩል ሮም ያለው የሉቼ ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመና የሙሶሊኒ መንግሥት የፕሮፓጋንዳ ክንድ የነበረ ነው። የወረራውን ዘመን ፎቶና የዜና ፊልም ክምችቱን ድረ ገጹ ላይ በነፃ ያሳያል። አዲስ አበባን፣ መንገዱን፣ ገበያውን ታያላችሁ። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ካሜራውን የያዘው ወራሪው ነው፣ መግለጫውን የጻፈውም እሱ ነው። ፎቶው ላይ የሌለው ነገር ካለው እኩል መጠየቅ አለበት። የአንዳንድ ጸሐፊዎች ፌስቡክ ላይ እነዚያ ፎቶዎች ከነጣሊያንኛ መግለጫቸው ተተርጉመው እንደ እውነት ሲለጠፉ ሳይ ይከነክነኛል።

የብራና ነገር ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረ አንድ ፕሮጀክት በየገዳሙና በየአድባራቱ የነበሩ ከ9,000 በላይ ብራናዎችን በማይክሮፊልም አነሣ። ቅጂው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት እነዚህን አንብቦ በካታሎግ ለማስፈር ነበር። ዛሬ ከነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ በዲጂታል ተቀይረው በቤተ መጻሕፍቱ የንባብ ገጽ ላይ አሉ። መመዝገብ ያስፈልጋል፣ መክፈል ግን አያስፈልግም። ከታሪክ ተማሪው ይልቅ ይህን የሚያውቁት የቤተ ክህነት ሰዎች ናቸው። ተማሪው ግእዝ አላውቅም ብሎ ይተወዋል። ሆኖም በብራናዎቹ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የመሬት ስጦታ፣ የስምምነትና የንብረት ዝርዝር በአማርኛ ተጽፎ ይገኛል። የመሬት ታሪክ የሚያጠና ሰው ይህን ካለፈ ብዙ አለፈው።

የፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ በሚባለው ገጹ ላይ እንዲሁ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ያሳያል። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰበሰባቸው ከእነዚያ መካከል ናቸው።

ያለበት ቦታ ታውቆም ፍለጋው ባዶ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ስለሆንን ነው፤ ስማችን፣ ፊደላችን፣ ዘመን አቆጣጠራችን ከነዚያ ማሽኖች ጋር አይግባባም።

ከስም እንጀምር። የውጭ ዳታቤዝ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያስቀድማል። ጌታቸው ኃይሌን አንዱ ጋ «ጌታቸው» ብላችሁ፣ ሌላው ጋ «ኃይሌ» ብላችሁ ነው የምታገኟቸው። ሁለቱንም ሞክሩ። የቦታ ስም ይብሳል። ጣሊያኖች አቃቂን በእንግሊዝኛው ኬ ሳይሆን በሲ ነው የጻፉት፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሲና ኤች አለ። ሸዋን በኤስ፣ በሲና በአይ ጀምረው ይጽፋሉ። ሉቼ ላይ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፈልጎ «ምንም የለም» የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ ለማሽኑ የሌላ ቦታ ስም ነው የሰጠው። የእንግሊዝ ሰነድ ላይ ደግሞ «ኢትዮጵያ» ካልሠራ «አቢሲኒያ» ብላችሁ ሞክሩ። የቦታዎቹን የቀድሞ ስምም አትርሱ።

የአማርኛ መጻሕፍት በውጭ ካታሎጎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የተመዘገቡት በላቲን ፊደል ነው። በአማርኛ ስትጽፉለት ዝም የሚለው ለዚህ ነው። በአማርኛ የሚፈልገው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «ሥላሴ» እና «ስላሴ»፣ «ዓለም» እና «አለም» ለኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር አይደሉም። ግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በፓወር ግእዝና በመሳሰሉት የድሮ መተየቢያ ፕሮግራሞች የተተየበ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ውጥንቅጥ ነው። የድሮ ጋዜጣ ስካንም እንደ ፎቶ ነው፤ ጽሑፉን ማሽን ካላነበበው ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ቀኑን አውቆ ገጽ በገጽ መግለጥ ነው። አባቶቻችን እንደዚያ ነው ያነበቡት።

ዓመት ስትጽፉ ሰባት ወይም ስምንት መጨመራችሁን አረጋግጡ። መስከረምና ታኅሣሥ መካከል ያለ ነገር ሰባት ይጨመርበታል፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን ስምንት። ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ሁለቱንም ፈትሹ። በ1928 ዓ.ም. የሆነን ነገር በ1928 እ.ኤ.አ. ፋይል ውስጥ መፈለግ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ስለ ቻትጂፒቲ አንድ ነገር ብቻ። ጽሑፍ ጠቁመኝ ብትሉት የሌለ መጽሔት ከነገጽ ቁጥሩ ሊፈጥርላችሁ ይችላል። የተጠቆማችሁትን ርዕስ ካታሎግ ውስጥ ገብታችሁ አጣሩ። ከሌለ የለም።

ያገኛችሁትን ደግሞ ያዙት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ተመትቶ ካታሎጉም ዲጂታል ብራናዎቹም ለወራት ጠፍተው ነበር። ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎቻችን ያሉበት ቤት ነው። በዓመቱ የድሮ ድረ ገጾችንና መጻሕፍትን የሚያከማቸው ኢንተርኔት አርካይቭም ተመሳሳይ ጥቃት ደርሶበት ለቀናት ተዘግቷል። ሊንክ ብቻ ይዞ ማስታወሻ ጻፍኩ ማለት አይበቃም። የቤተ መዛግብቱን ስም፣ የፋይሉን ቁጥር፣ የገጹን ቁጥርና ያያችሁበትን ቀን ጻፉ። ማውረድ የሚፈቀድ ከሆነ መብራት ሲኖርና ኔት ሲፈጥን አውርዱ፤ የሌሊት ጥቅል ለዚህ ይሆናል።

ኦንላይን የሌለውስ? የአዲስ አበባ ዙሪያ ታሪክ ትልቁ ክፍል እዚያ ነው ያለው። የገበሬ ማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የቀበሌ መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ፋይል፣ ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት መሬቱን ያርሱ የነበሩ ቤተሰቦች ትዝታ ስካን አልተደረገም። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ያለው ወረቀትም ብዙው በአካል የሚታይ ነው። ለእነዚህ ጉዞው አይቀርም። ከመሄዳችሁ በፊት ከትምህርት ክፍላችሁ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ፣ ማኅተሙ በደንብ ይታይ፤ ካታሎጉ ኦንላይን ካለ ደግሞ የመለያ ቁጥሩን ቤት ሆናችሁ ጽፋችሁ ሂዱ።