የዳርት ውርወራ የጥሎ ማለፍ ውድድር

በጥሎ ማለፍ የተሸነፈ ይወጣል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። በየጨዋታው አንድ ሰው ስለሚሰናበት የጨዋታው ብዛት ምንጊዜም ከተወዳዳሪው ቁጥር በአንድ ያንሳል፤ 24 ሰው ከተመዘገበ 23 ጨዋታ፣ 128 ከሆነ 127። ዳርት ላይ ግን ይህ ሕግ ይበልጥ ይጨክናል። ሙሉውን ጨዋታ ሲመራ የቆየ ሰው 8 ሚሊ ሜትር የምትሰፋው የመዝጊያ ደብል (የሰሌዳው የውጭ ቀጭን ቀለበት) እምቢ ስላለችው ብቻ ሻንጣውን ይዘጋል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቃሊቲና ከአቃቂ እስከ ገላን፣ በሌላ በኩል ደግሞ በሰበታ መስመር፣ የዳርት ሰሌዳ የሚታየው በአብዛኛው በፋብሪካ የሠራተኞች መዝናኛ ክበብ ውስጥ ነው፤ ከከረንቦላው አጠገብ። ጨዋታው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በሚያዘጋጃቸው ውድድሮችም ከዳማና ከገመድ ጉተታ ጋር ይካተታል። ሕጉ ለንደን ላይ ከሚጫወቱት ጋር አንድ ነው።

እያንዳንዱ ተጫዋች ከ501 ይነሳና በተራው ሦስት ዳርት ወርውሮ ያገኘውን ይቀንሳል። የውጩ ቀጭን ቀለበት ደብል ነው፤ የቁጥሩን ሁለት እጥፍ ይሰጣል። የውስጡ ቀጭን ቀለበት ትሪፕል ሲሆን ሦስት እጥፍ ነው። መሀሉ ቡል 50፣ ዙሪያው 25። በአንድ ተራ ከሦስት ትሪፕል 20 ወይም ከ180 በላይ ማግኘት አይቻልም። ሌጉ (ከ501 እስከ ዜሮ የሚደረገው አንድ ፉክክር) የሚዘጋው ልክ ዜሮ ላይ ተደርሶ የመጨረሻዋ ዳርት ደብል ወይም መሀል ቡል ስትመታ ነው። ከቀረው በላይ የመታ፣ 1 ያስቀረ ወይም ያለ ደብል ዜሮ የደረሰ ሰው ተራው ይቃጠልበታል፤ ነጥቡም ተራውን ሲጀምር ወደነበረበት ይመለሳል። በአንድ ተራ ሊዘጋ የሚችለው ትልቁ ቀሪ 170 ነው። እንከን የሌለው ሌግ ዘጠኝ ዳርት ይፈጃል፤ ለምሳሌ ሰባት ትሪፕል 20፣ ትሪፕል 19፣ ደብል 12።

ልምድ ያላቸው 32 ማስቀረት የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ደብል 16 ስቶ ነጠላ 16 የመታ ሰው 16 ይቀረውና ደብል 8 ይሞክራል፤ እሱንም ቢስት ደብል 4፣ ከዚያ ደብል 2 አለለት። 40 ያስቀረ ግን በዚሁ መንገድ 20፣ 10 ብሎ 5 ላይ ይደርሳል። 5 ጎዶሎ ስለሆነ ለማስተካከል ብቻ አንድ ዳርት ይበላል። ጀማሪዎች ሁሉ 20 ላይ የሚያነጣጥሩበት ልማድም ብዙ አያዋጣም፤ የ20 ጎረቤቶች 5ና 1 ናቸው። በግራ በኩል ያለው 14 ግን ከ9ና ከ11 መሀል ስለሆነ የሳተውም ባዶ እጁን አይመለስም።

በፕሮፌሽናሎቹ ዘንድ ትልቁ ጥሎ ማለፍ የፒዲሲ (የፕሮፌሽናል ዳርት ኮርፖሬሽን) የዓለም ሻምፒዮና ነው (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1994 ሲጀመር ዴኒስ ፕሪስትሊ ፊል ቴይለርን 6 ለ 1 አሸነፈ፤ ቴይለር ግን ከዚያ በኋላ በዚህ ውድድር ብቻ 14 ጊዜ ዋንጫ አነሳ። ከ2008 ጀምሮ የሚካሄደው በለንደኑ አሌክሳንድራ ፓላስ ነው። የ2026ቱ ውድድር 128 ተጫዋቾች፣ ሰባት ዙሮችና ለአሸናፊው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ነበረው። ከአምስት ሌግ ሦስቱን የቀደመ አንድ ሴት (የጨዋታው አንድ ክፍል) ይወስዳል፤ እንደ መረብ ኳሱ። በመጀመሪያው ዙር ሦስት ሴት የቀደመ ያልፋል፤ ርቀቱ እየረዘመ ሄዶ ፍጻሜው ላይ ሰባት ይሆናል። አጭር ጨዋታ ለደካማው ይመቻል፤ ያልተጠበቁ ውጤቶች በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሚበዙትም ለዚህ ነው። በዚሁ ውድድር ከኬንያ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ዴቪድ ሙንዩዋ 2 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ ቤልጂየማዊውን ማይክ ደ ዴከርን 3 ለ 2 የጣለው በመጀመሪያው ዙር ነበር።

የቅርብ ዓመታት ፍጻሜዎች እንዲህ ተጠናቀዋል፦ በ2023 ማይክል ስሚዝ ማይክል ቫን ገርወንን 7 ለ 4፤ በ2024 ሉክ ሃምፍሪስ ያኔ ገና 16 ዓመቱ የነበረውን ሉክ ሊትለርን 7 ለ 4፤ በ2025 ሊትለር ቫን ገርወንን 7 ለ 3 አሸንፎ በ17 ዓመቱ የምንጊዜም ወጣቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2026 ደግሞ ጂያን ቫን ቬንን 7 ለ 1 ረትቶ ዋንጫውን አስጠበቀ። ሁለቱም የሊትለር ድሎች በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 25 ቀን፣ ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው የተመዘገቡት።

ውጤት ሲነበብ አንድ ነገር ያሳስታል። 3 ለ 2 ያሸነፈ ሰው ሦስቱን ሴቶች 3 ለ 2፣ 3 ለ 2፣ 3 ለ 2 ወስዶ ሁለቱን 3 ለ 0 ተሸንፎ ሊሆን ይችላል፤ በሌግ ብዛት 12 ለ 9 ተበልጦ አለፈ ማለት ነው። የወርዋሪውን ብርታት የሚያሳየው የሦስት ዳርት አማካይ (በአንድ ተራ በአማካይ የሚያገኘው ነጥብ) ነው፦ 501 በ15 ዳርት የዘጋ 100.2፣ በ30 ዳርት የዘጋ 50.1።

ክበብ ውስጥ ውድድር ሲዘጋጅ የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ዕጣው ላይ ነው። 24 ሰው ይመዘገባል፣ ተጣምሮ 12 ይቀራል፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 3፤ እዚያ ላይ ሁሉም ይፋጠጣል። ሰንጠረዡ መሠራት ያለበት ለ32 ነው። ስምንቱ ቦታ ክፍት ስለሚሆን ስምንት ሰው የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወት ያልፋል፣ 16ቱ ይጋጠማሉ፤ ሁለተኛው ዙር በ16 ሰው ይጀመራል። ያለ ጨዋታ ማለፍ ከመጀመሪያው ዙር ውጭ መኖር የለበትም። ሁለቱ ጠንካሮች ደግሞ በሰንጠረዡ ተቃራኒ ግማሽ ይቀመጡ። ነጥብ መዝጋቢ ከታጣ የተሸነፈው ቀጣዩን ጨዋታ እንዲመዘግብ ማድረግ ይበጃል።

ሰሌዳው ሲሰቀል የቡሉ መሀል ከወለሉ 1.73 ሜትር ከፍ ይላል፤ የመወርወሪያው መስመር 2.37 ሜትር ይርቃል። ብዙዎች ይህን ከግድግዳው ይለካሉ፤ መለካት ያለበት ከሰሌዳው ፊት ነው። ከፊቱ ቱንቢ ጥሎ ወለሉ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ከቡሉ መሀል እስከ መስመሩ በሰያፍ ለክቶ 2.93 ሜትር መምጣቱን ማረጋገጥ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ከጀርባ ቺፑድ፣ ሊሾው ላይ ደግሞ የጎማ ምንጣፍ ካልተደረገ የዳርቱ ጫፍ በሳምንት ይዶለዱማል። የዶለዶመ ጫፍ ሽቦው ላይ ይነጥራል፤ ነጥሮ የወደቀ ዳርት ነጥብ የለውም።

ሰሌዳው የቃጫ ነው፤ ደህናዎቹ በብዛት የሚሠሩት እዚሁ ጎረቤት ኬንያ ነው። በበጋ ደረቀ ብሎ ውሃ የሚረጭበት አለ። ውሃ ቃጫውን ያሳብጠዋል፣ ሰሌዳው ይጎብጣል፣ ከዚያ ወዲያ ለምንም አይሆንም። ዕድሜውን የሚያረዝመው የቁጥሩን ቀለበት ነቅሎ ሰሌዳውን ማዞርና የተበሳውን የ20 ቦታ ማሳረፍ ነው።

መብራት ሌግ መሀል ሲጠፋ በስልክ ባትሪ መቀጠል ጠብ ያመጣል፤ ከአንድ ጎን የሚመጣ ብርሃን የተሰካችው ዳርት ጥላ ቀጣዩን ደብል እንዲሸፍን ያደርጋል። ሁለቱም የቀራቸው ነጥብና ተረኛው ይጻፋል፣ መብራት ሲመጣ በዚያው ሰሌዳ ከዚያው ይቀጠላል።