በእስያ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ጉልበትና ዳኝነት

ከፊሊፒንስ እስከ ቻይና፣ ከኮሪያ እስከ ጃፓን ባሉት ፕሮፌሽናል ሊጎች ጨዋታው በጣም የሚከረው ከቅርጫቱ ሥር በተሰመረው ሳጥን ውስጥ ነው። ስፋቱ 4.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 5.8 ሜትር በሆነው በዚህ ቦታ ቁመታቸው ከሁለት ሜትር፣ ክብደታቸው ከመቶ ኪሎ የሚያልፍ ሰዎች ደረት ለደረት ይጋፋሉ፤ ኳሱ ከብረቱ ሲነጥር ክርን፣ ጉልበትና ዳሌ አብረው ይነሣሉ። ግፊያው ጥፋት ነው ወይስ ጨዋታ የሚለውን የሚወስኑት ሦስት ዳኞች ናቸው፤ ለመወሰን ያላቸው ጊዜ ደግሞ የዓይን ጥቅሻ ታህል ነው። የአህጉሩን ሊጎች ለዓመታት ሲያነታርክ የኖረው ጉዳይም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ጠንካራ ጨዋታ በራሱ ማንንም አይበድልም። የሚበድለው በመጀመሪያው ሩብ የተቀጣ ንክኪ በአራተኛው ሩብ ሲታለፍ፣ ወይም በአንዱ ሊግ የተለመደ ግፊያ በሌላው ሲያስቀጣ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዳኛው ምን ያያል

የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ሕግ መነሻ እያንዳንዱ ተጫዋች ከወለሉ ወደ ላይ እንደ ዓምድ የሚቆም የራሱ ቦታ አለው የሚል ነው። ዓምዱ ከፊት እስከ መዳፎቹ፣ ከኋላ እስከ መቀመጫው፣ ከጎን እስከ ክንዶቹና እግሮቹ ጠርዝ ይደርሳል። በዚህ ዓምድ ውስጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የዘለለ ተከላካይ፣ አጥቂው መጥቶ ቢላተመውም ጥፋተኛ አይባልም። እጁን ወደ ፊት አጋድሎ የአጥቂውን ክንድ ከመታ ግን ዓምዱን ጥሶ ወጥቷል።

ብዙ ክርክር የሚያስነሣው አጥቂ ኳስ እያነጠረ ወደ ቅርጫቱ ሲገሰግስ ተከላካይ ከፊቱ ቆሞ ተመትቶ ሲወድቅ ነው። እዚህ ላይ ዳኛው ዓይኑን ከኳሱ አንሥቶ በተከላካዩ ላይ መትከል አለበት። ተከላካዩ ፊቱን ወደ ባላጋራው አዙሮ ሁለት እግሩን ወለል ላይ አሳርፎ ነበር? አጥቂው ከመሬት ከመነሣቱ በፊት ቦታውን ይዟል? የተመታው ደረቱ ላይ ነው? መልሱ ሦስቱንም አዎ ከሆነ ፋውሉ የአጥቂው ነው። ተከላካዩ ቦታውን በሕጉ መሠረት ከያዘ በኋላ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ መንቀሳቀሱ መብቱን አያሳጣውም፤ ተመልካች “እግሩ ተንቀሳቅሷል” ብሎ ዳኛ ላይ የሚጮኸው ግን ሁልጊዜ በዚህ ጊዜ ነው። ሌላም ገደብ አለ። ከቅርጫቱ መሐል 1.25 ሜትር ተለክቶ በተሰመረው ግማሽ ክብ ውስጥ የቆመ ተከላካይን አየር ላይ ያለ አጥቂ ቢገጨው፣ አጥቂው እጁን ወይም እግሩን ያለአግባብ ካልተጠቀመ በቀር የአጥቂ ፋውል አይነፋበትም።

ስክሪን፣ ማለትም አጥቂ የጓደኛውን ተከላካይ መንገድ በሰውነቱ መዝጋቱ፣ ሌላው የፍትጊያ ምንጭ ነው። ስክሪን የሚሠራው ሰው በንክኪው ጊዜ ቆሞ መገኘት አለበት፤ ተከላካዩ በማያይበት በኩል ከቆመም ቢያንስ የአንድ መደበኛ እርምጃ ርቀት ሊተውለት ይገባል። ይህ እርምጃ ሲሰረቅ ተከላካዩ ሳያየው ከመጣ ትከሻ ጋር ይጋጫል። ከሩቅ ወርውሮ የሚያርፍ ተጫዋች ደግሞ የሚያርፍበት ቦታ ክፍት ሊሆንለት ይገባል። ከሥሩ የገባ እግር ላይ ያረፈ ቁርጭምጭሚት ወራት የሚወስድ ጉዳት ነው፤ ስለዚህ ዳኛው ኳሱ ከእጅ ከወጣ በኋላም ዓይኑን ከወርዋሪው እግር ማንሣት የለበትም።

ንክኪ ሁሉ ግን አይነፋም። የአጥቂውን ሚዛን፣ ፍጥነት ወይም የሩጫ ዜማ ያላበላሸ መነካካት ይታለፋል። ሊጎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉ በአብዛኛው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ “አበላሽቷል” የሚባለው ልክ ከአገር አገር ይለያያል።

ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአቋቋም ነው። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ከቅርጫቱ ኋላ ባለው መስመር ላይ፣ አንዱ በጎን በኩል በነጻ ውርወራው መስመር አቅጣጫ፣ ሦስተኛው ወደ መሐል ሜዳው ቀረብ ብሎ ይቆማል። ኳሱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲሻገር ከቅርጫቱ ኋላ ያለው ዳኛ አብሮ መሻገር አለበት። ከዘገየ የሁለቱን ረጃጅሞች ግፊያ የሚያየው በጀርባቸው በኩል ነው፤ የባላጋራውን ክንድ በብብቱ የቆለፈ ሰው ከኋላ ሲታይ ቦታውን በጨዋነት የያዘ ይመስላል። ያልታየ ነገር በግምት ሲነፋ፣ ወይም የታየው ሲታለፍ፣ የተጎዳው ተጫዋች በሚቀጥለው ዙር በክርኑ መልስ ይሰጣል።

የፋውል ሒሳብና የውጭ ተጫዋቾች

በፊባ ሕግ ጨዋታው 40 ደቂቃ ሲሆን ተጫዋች በ5ኛው ፋውል ይወጣል። በፊሊፒንሱ ሊግ በፒቢኤ ጨዋታው 48 ደቂቃ፣ ገደቡ 6 ፋውል ነው። ሲካፈል ሁለቱም ጋ ለ8 ደቂቃ አንድ ፋውል ይደርሳል፤ ልዩነቱ በአሠልጣኙ ውሳኔ ላይ ይታያል። በፊባ ሕግ በመጀመሪያው ሩብ 2 ፋውል ያገኘ ረጅም ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ እስከ እረፍት ይቀመጣል። ቡድኑ በአንድ ሩብ 4 ፋውል ከሞላ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ተራ የመከላከል ፋውል ሁሉ 2 ነጻ ውርወራ ያስሰጣል። ስለዚህ በሩቡ መጀመሪያ በተከታታይ የተነፉ ቀላል ንክኪዎች የቀሩትን ደቂቃዎች መልክ ይለውጣሉ፤ ተከላካዮች እጃቸውን ይሰበስባሉ፣ አጥቂዎችም ግጭት ፍለጋ ወደ ሳጥኑ ይገባሉ።

በእስያ ይህን ሒሳብ የሚያከብደው የውጭ ተጫዋቾች ገደብ ነው። በፒቢኤ የውጭ ተጫዋች በሚፈቀድባቸው ውድድሮች አንድ ቡድን በተለምዶ የሚያሰልፈው አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ የቁመት ጣሪያ ይበጅለታል። በቻይና ሊግ በአራተኛው ሩብ በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ አንድ የውጭ ተጫዋች ብቻ የሚፈቀድባቸው ብዙ ዓመታት ነበሩ። እንዲህ ያለው ተጫዋች ነጥቡንም፣ ሪባውንዱንም (ከብረቱ የሚነጥረውን ኳስ መያዝ)፣ የቅርጫት ሥር መከላከሉንም ስለሚሸከም ተጋጣሚው ሁለትና ሦስት ሰው እያፈራረቀ በጉልበት ያደክመዋል። ተፈራራቂዎቹ የሚያወጡት ፋውል ተከፋፍሎ ይቆጠራል፤ የእሱ ግን በአንድ ስም ላይ ይከማቻል። በዳኞች ላይ የሚቀርበው አቤቱታ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ዙሪያ የሚሽከረከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፊሊፒንስ

ፒቢኤ በ1975 የተመሠረተ የእስያ የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል ሊግ ነው። የጉልበት ታሪኩም ከዕድሜው እኩል ነው። በ1977 የክሪስፓና የቶዮታ ቡድኖች ተጫዋቾች ከጨዋታ በኋላ ተደባድበው በፎርት ቦኒፋሲዮ የጦር ሰፈር ታስረዋል፤ ወቅቱ አገሪቱ በወታደራዊ ሕግ የምትተዳደርበት ነበር። በ1990 ደግሞ በሮበርት ጃዎርስኪ የሚመራው የአኜሆ ቡድን በዳኝነት ተቆጥቶ ከፍጻሜው 6ኛ ጨዋታ ሜዳ ጥሎ ወጣ፤ ዋንጫውም ለተጋጣሚው ለሼል ሆነ። ጃዎርስኪ በሻካራ ጨዋታው የተወደደ፣ በኋላም ሴናተር የሆነ ሰው ነው። ይህ ሕዝቡ ለጠንካራ ተጫዋች ያለውን ፍቅር ያሳያል፤ የዳኛውን ሥራ የሚያከብደውም ይኸው ፍቅር ነው።

የቅጣት አሠራሩ ዛሬ ጠንክሯል። ከባድ ፋውል በሁለት ደረጃ ይከፈላል፤ ሁለተኛው ደረጃ ከሜዳ ያስወጣል፣ ከዚያም የገንዘብ ቅጣትና እገዳ ሊከተል ይችላል። በ2019 ተጫዋቹ ካልቪን አቡዌቫ የቲኤንቲ ቡድንን የውጭ ተጫዋች ቴረንስ ጆንስን በክንዱ አንገቱ አካባቢ መትቶ በመጣሉ 70,000 ፔሶ ተቀጥቶ ላልተወሰነ ጊዜ ታገደ፤ ወደ ሜዳ የተመለሰው ከ16 ወር በኋላ ነው። ሊጉ በ2024 ከ27 ጫማ ርቀት የሚቆጠር ባለ 4 ነጥብ መስመር አስገብቷል፤ መስመሩ ተከላካዮችን ወደ ውጭ ስለሚስብ ሳጥኑ ትንሽ አየር ያገኛል።

ኮሪያ፦ ፊሽካውን ያላላ ሊግ

የኮሪያው ኬቢኤል በዚህ ጉዳይ ብዙ ሙከራ ያደረገ ሊግ ነው። በ2018–19 የውድድር ዘመን ጨዋታው እንዲፈጥን በማለት ለውጭ ተጫዋቾች የቁመት ጣሪያ አበጀ፤ ለአንዱ 200፣ ለሌላው 186 ሴንቲሜትር። የውጭ ተጫዋቹ ዴቪድ ሳይመን 202.1 ሴንቲሜትር ሆኖ በመለካቱ ሊጉን ለቀቀ። ጣሪያው በማግሥቱ የውድድር ዘመን ተነሣ፤ መነሣቱም ተገቢ ነበር፤ የሳጥኑ ፍትጊያ የሚቃናው በአነፋፍ እንጂ ሰውን በሜትር በመለካት አይደለም። ሊጉ ያልተነካ ሆኖ ተመታሁ ብሎ የሚወድቅ ተጫዋችን ከጨዋታ በኋላ በቪዲዮ ለይቶ የመቅጣት አሠራርም አለው፤ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደጋገም ገንዘብ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2024–25 ነው። ከኡልሳን ሞቢስ ክለብ ጋር 6 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው አሠልጣኝ ዩ ጄ-ሃክ የሊጉን የጨዋታ አመራር ክፍል ሲይዝ፣ “ሃርድ ኮል” የተባለው አነፋፍ ተጀመረ፤ ቀላል ንክኪ ይታለፋል፣ ጨዋታ አይቆራረጥም። የተሰጠው ምክንያት የኮሪያ ተጫዋቾች በአገር ቤት በለስላሳ ፊሽካ ተለምደው በዓለም አቀፍ ጨዋታ ላይ ሲገፉ ይወድቃሉ የሚል ነው፤ ምክንያቱ እውነትነት አለው። ውጤቱ ግን ሁለት መልክ ነበረው። ጨዋታው ፈጠነ፤ በሌላ በኩል ነጥብ ወረደ፣ ኳስ ሳይዙ እየሮጡ የሚወረውሩ ተጫዋቾች በእጅ እየተያዙና እየተጎተቱ መፈናፈኛ አጡ። አሠልጣኞችን ይበልጥ ያስቆጣው የልኩ መዋዠቅ ነው። ኳስ በያዘው ሰው ላይ ያለ ግፊያ ሲፈቀድ፣ ኳስ በሌለው ሰው ላይ ያለ መያዝ አብሮ የሚፈቀድ ከመሰለ ተከላካይ በቀላሉ የሚማረው ሁለተኛውን ነው፤ ጉልበት አይጠይቀውምና።

ጃፓንና ቻይና

የጃፓኑ ቢ.ሊግ ፊባ በ2014 አገሪቱን ካገደ በኋላ ሁለት ተቀናቃኝ ሊጎች ተዋህደው በ2016 የጀመረ ነው። የመደበኛው ዘመን 60 ጨዋታ ሲሆን አብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር በተከታታይ ይደረጋል። ቅዳሜ የተቀበሉት ክርን እሑድ አይረሳም፤ የደከመ እግር ደግሞ ቦታ ለመያዝ ስለሚዘገይ በእጅ መያዝ ይበዛል። በቻይና የሚከብደው የእምነት ጉዳይ ነው። በ2023 ጂያንግሱና ሻንጋይ በመካከላቸው ባደረጉት የፕሌይ ኦፍ (ከመደበኛው ዘመን በኋላ ለዋንጫ የሚደረግ) ጨዋታ በአግባቡ ለማሸነፍ አልተጫወቱም ተብለው ከውድድሩ ተባረሩ፤ አሠልጣኞቻቸውም ለዓመታት ታገዱ። እንዲህ ያለ ነገር በታየበት ሊግ ንጹሕ ስሕተት እንኳ በተመልካች ዘንድ በጥርጣሬ ይታያል፤ ዳኛውም የሌላውን ዕዳ ይከፍላል።

ፊሽካው ሲጠፋ

በነሐሴ 2011 ቤጂንግ ላይ የአሜሪካው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከቻይናው ክለብ ከባዪ ሮኬትስ ጋር ያደረገው የወዳጅነት ጨዋታ 64 እኩል ሳሉ በድብድብ ተቋረጠ። እስከዚያ ድረስ ባዪ 57 ነጻ ውርወራ፣ ጆርጅታውን 15 አግኝተው ነበር። እንዲህ የሰፋ ልዩነት፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ፍርድ አላገኘሁም ብሎ የሚያስብን ቡድን ወደ ጉልበት ይገፋል።

የከፋው በሐምሌ 2 ቀን 2018 በፊሊፒንስ ቦካዌ የሆነው ነው። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ፊሊፒንስና አውስትራሊያ ሲጫወቱ በሦስተኛው ሩብ የተደረገ ግፊያ ክርንን ጠራ፤ ክርኑ የተጠባባቂውን ወንበር ባዶ አደረገው። በድብድብ ጊዜ ከተጠባባቂ ቦታ ተነሥቶ ሜዳ የገባ ከጨዋታ እንደሚባረር ሕጉ ይደነግጋል፤ 9 ፊሊፒናውያንና 4 አውስትራሊያውያን ተባረሩ። ፊሊፒንስ በ3 ሰው ቀጥላ ሁለቱ በፋውል ሲወጡ አንድ ተጫዋች ብቻ ቀራት፤ አንድ ቡድን ከሁለት ሰው በታች ከሆነ ጨዋታው ያበቃልና ውጤቱ 89 ለ 53 ሆኖ ተዘጋ። ፊባ 10 የፊሊፒንስና 3 የአውስትራሊያ ተጫዋቾችን አገደ፤ የፊሊፒንስን ፌዴሬሽን 250,000፣ የአውስትራሊያን 100,000 የስዊስ ፍራንክ ቀጣ። ዳኞቹም ከከፍተኛ ዳኞች ዝርዝር ተሰርዘው ለአንድ ዓመት ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይመደቡ ተደረገ። ዳኞቹ መቀጣታቸው ትክክል ነበር፤ ድብድብ በድንገት አይነሣም፣ ያለ ፊሽካ የታለፉ ትንንሽ ግፊያዎች ይቀድሙታል። ልምድ ያለው ዳኛ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኳስ በሌለበት የሚገፋፉትን ሁለት ሰዎች ለይቶ ያስጠነቅቃል፤ ካልሰሙ ለሁለቱም ፋውል ይሰጣል።

ቪዲዮ የሚያቃናውና የማያቃናው

ከ2022 ጀምሮ በፊባ ሕግ የቪዲዮ መመልከቻ ባለበት ጨዋታ ዋናው አሠልጣኝ አንድ ጊዜ ብቻ ውሳኔ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል፤ ቢረታም ባይረታም ዕድሉ ያልቃል። በቪዲዮ ኳስ ከማን እጅ እንደወጣ፣ ውርወራው የ2 ነው ወይስ የ3 የሚለው፣ የተነፋው ፋውል ወደ ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደለው ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ የሚለው ይታያል። ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደለው ከተባለ ቅጣቱ 2 ነጻ ውርወራና ኳስ ነው፤ በአንድ ጨዋታ ሁለት ያገኘ ተጫዋች ይባረራል። በሳጥኑ ውስጥ በየዙሩ ያለው የክንድ መቆለፍ፣ የዳሌ ግፊያ፣ የማሊያ መያዝ ግን ዳኛ ካልነፋው ለቪዲዮ አይቀርብም። ስለዚህ የፊሊፒንስ፣ የኮሪያና የጃፓን ክለቦች በምሥራቅ እስያ ሱፐር ሊግ በፊባ ሕግ ሲገናኙ፣ አስተዋይ አሠልጣኝ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች የዳኞቹን ልክ ለመለካት ይጠቀምባቸዋል። ሁለት ጊዜ ኳስ ወደ ሳጥኑ አስገብቶ ምን እንደሚነፋ ያያል፤ ከዚያ ለተከላካዮቹ እጃቸው የት ድረስ መድረስ እንደሚችል ይነግራቸዋል።