«ሻክቲ ከሌለች ሺቫም ሬሳ ነው»

ቅኔ የሚወድ ሰው ይህን የሕንዶች አባባል ቢሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በሂንዲ «ሻክቲ ኬ ቢና ሺቭ ሸቭ ሄ» ይሉታል። «ሺቭ» አምላኩ ሺቫ ነው። «ሸቭ» ደግሞ ሬሳ። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት አናባቢ ብቻ ናት።

በእኛም ፊደል ይሠራል፤ ሞክሩት። «ሺ» እግር ላይ ያለችውን ጭረት ስታጠፏት «ሸ» ቀረች። በሕንዶቹ ዴቫናጋሪም ነገሩ ያው ነው፤ የእነሱ ምልክት ግን ከፊደሉ በስተግራ ቆማ ወደ አናቱ ትታጠፋለች። እሷን ካነሷት አምላኩ ሬሳ ሆነ ማለት ነው። ለዚህም ነው የታንትራ (ሻክቲን የሚያከብር የሕንዶች ምሥጢራዊ ትምህርት) ሰዎች «ያቺ ‹ኢ› ሻክቲ ራሷ ናት» የሚሉት።

ሻክቲ ማለት ኃይል ነው። ቃሉ የመጣው «ቻለ» የሚል ትርጉም ካለው የሳንስክሪት ሥር ነው። በዚህ አስተምህሮ ሺቫ ጸጥ ያለ ንቃት ነው፤ ያውቃል፣ ግን አይሠራም። የምትፈጥረውና የምታንቀሳቅሰው እናቲቱ ሻክቲ ናት። የጥንቱ የሕንድ ፈላስፋ አዲ ሻንካራ ደረሰው የሚባለው «ሳውንዳሪያ ላሃሪ» የተሰኘ የሳንስክሪት መዝሙርም ሲጀምር ይህንኑ ይላል፦ ሺቫ ከእሷ ጋር ካልሆነ ንቅንቅ እንኳ አይልም።

አባባሉን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ኮልካታ አጠገብ፣ ሁግሊ ወንዝ ዳር፣ የዳክሺኔስዋር ቤተ መቅደስ አለ። ነጭ እብነ በረድ የሆነው ሺቫ ተንጋሎ ተኝቷል። ከሻክቲ መልኮች አንዷ የሆነችው ጥቁሯ ካሊ ደረቱ ላይ ቆማለች፣ ምላሷ ወጥቷል። የቤንጋል ሰዎች ሲያወጉ፣ በጦርነት ሰክራ ስትጨፍር ባሏን መርገጧን ድንገት አየችና አፍራ ምላሷን ነከሰች ይላሉ። ታንትራ የሚያጠናው ግን ሥዕሉን በአባባላችን ይፈታዋል፦ ከላይ ኃይል፣ ከታች ሬሳ።

ዮጋውም ከዚህ አይርቅም። ሻክቲ በሰው ገላ ውስጥ እንደ እባብ ተጠቅልላ ከአከርካሪ ግርጌ ተኝታለች፤ ስሟም ኩንዳሊኒ ነው። ስትነቃ ቻክራ የሚባሉትን የገላ የኃይል ማዕከሎች አንድ በአንድ አልፋ አናት ላይ ካለው ሺቫ ጋር ትገናኛለች። የሚቀሰቅሳት ጉሩ፣ ማለትም መንፈሳዊ መምህሩ ነው፤ በመዳሰስ፣ በማየት ወይም በማንትራ (በተቀደሰ ቃል)። ጉሩ የሚለው ቃል በሳንስክሪት «ከባድ» ማለት ነው። እኛም «ክብደት ያለው ሰው» እንል የለ?

አባባሉ አምላኪቱን እንጂ ሴቶችን ሁሉ አላስከበረም። የዳክሺኔስዋርን ቤተ መቅደስ ያሠሩት ራኒ ራሽሞኒ የተባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሀብታም ሴት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1855 ሊያስመርቁት ሲሉ፣ በዘራቸው ዝቅተኛ ናቸው ተብሎ የሚያገለግል ብራህሚን (የካህናት ዘር ሰው) ጠፍቶ ነበር። በስንት መከራ ተገኘ። የካህኑ ታናሽ ወንድም በኋላ ስመ ጥር መንፈሳዊ መምህር የሆኑት ራማክሪሽና ናቸው።

ራማክሪሽናን ታንትራ ያስተማራቸው ጉሩ በ1861 በጀልባ መጣ። ወንድ አልነበረም። ባይራቪ ብራህማኒ የሚሏት መናኝ ሴት ነበረች፤ እሳቸውም «እናቴ» ይሏት ነበር። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንድ የካሊ በዓል ሌሊት፣ ራማክሪሽና ሚስታቸውን ሳራዳ ዴቪን በአምላኪቱ መቀመጫ አስቀምጠው ሰገዱላት።