ስማርት ግሪድ በወሎ፦ የስርጭት መስመሩን አስተማማኝ የማድረግ ሥራ

ሕዝቡ «መብራት ኃይል» እያለ በአንድ ስም የሚጠራው ሥራ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በሁለት ተቋማት የተከፈለ ነው። ኃይል የሚያመነጨውና በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ በ33 እና በ15 ኪሎ ቮልት ተረክቦ በ380/220 ቮልት እስከ ቤት ቆጣሪ የሚያደርሰው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ደሴ ወይም ወልድያ ድንገት ሲጨልም የመጀመሪያው ጥያቄ ከዚሁ ይነሳል፤ የተቋረጠው ከማከፋፈያ ጣቢያው በላይ ነው ወይስ በታች? በታች ከሆነስ የትኛው ምሰሶ ላይ? መስመሩን በመለኪያና በመገናኛ መሣሪያዎች የሚከታተለው፣ ስማርት ግሪድ የሚባለው አሠራር ዋና ጥቅሙ ይህን ጥያቄ ደንበኛ ሳይደውል፣ ሠራተኛም መኪና ሳያስነሳ መመለሱ ነው።

መሬቱና መስመሩ

የወሎ የኃይል ጀርባ አጥንት የስምጥ ሸለቆውን ጠርዝ ይዞ ከኮምቦልቻ ወደ አላማጣና መቀሌ የሚዘልቀው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። ፊደር የሚባሉት፣ ከማከፋፈያ ጣቢያ ወጥተው ገጠሩን የሚመግቡት መስመሮች ግን አብዛኞቹ ተራራ ወጥተው ሸለቆ ወርደው እዚያው የሚያበቁ፣ ጫፋቸው ከሌላ መስመር ጋር የማይገናኝ ናቸው። ይህ ቅርጽ ምን እንደሚያስከፍል በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ታይቷል። ከአላማጣ ጣቢያ ኃይል ያገኙ የነበሩ የሰሜን ወሎ ከተሞች፣ ላሊበላን ጨምሮ፣ ለወራት ያለ መብራት ቆይተዋል። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ከማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ በፊት ሁለተኛ የኃይል መንገድ ይቀድማል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚመገብ መስመር ላይ የተተከለ ዘመናዊ መሣሪያ ብልሽቱ የት እንዳለ ይናገራል፤ ከብልሽቱ ወዲያ ላለው ደንበኛ ግን መብራቱን ሊመልስለት አይችልም።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የኤሌክትሪክ ዕቃ በተለምዶ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ኤሌክትሪክ እንዳይዘል የመከላከል አቅሙ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በደሴ ከፍታ የኢንሱሌተሩ (ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ዕቃ) መጠንና በሽቦዎች መካከል ያለው ርቀት እስከ 20 በመቶ መጨመር ይኖርበታል ማለት ነው። ለቆላ የተገዛ ዕቃ ደጋ ላይ ሲሰቀል በጭጋግና በዝናብ ቀን ያለ ምክንያት «ይተኩሳል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

መብረቅ ሲታከልበት ደግሞ ድንጋያማው መሬት ያስቸግራል። አንድ መብረቅ 10 ሺህ አምፔር ቢሆንና የኧርዙ (ግፊቱን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦና ዘንግ) ሬዚስታንስ 50 ኦም ቢሆን በኧርዙ ላይ 500 ኪሎ ቮልት ይፈጠራል፤ የ33 ኪሎ ቮልት ዕቃ የመብረቅ ግፊት የመቋቋም አቅሙ ግን 170 ኪሎ ቮልት ነው። አሬስተሩ (የመብረቅ ግፊትን ወደ ኧርዝ የሚያሳልፈው መከላከያ) እና የትራንስፎርመሩ ታንክ በአጭር ሽቦ ካልተያያዙ ይህ ግፊት በቀጥታ የትራንስፎርመሩ የሽቦ ጥቅል ላይ ያርፋል። ቢያያዙም ኧርዙ ደካማ ከሆነ ግፊቱ በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) በኩል ወደ ቤቶች ይሄዳል። አለት ላይ አንድ ዘንግ ለመቅበር ከመታገል ይልቅ ባዶ የመዳብ ሽቦ በቦይ ውስጥ ወደ ጎን መዘርጋት የተሻለ ነው። የተቀበረው መዳብ ተቆፍሮ እንዳልተሰረቀ ለማወቅ ግን በየዓመቱ በክረምት ዋዜማ መለካት ያስፈልጋል። በሥዕል ላይ ያለ ኧርዝ ሁሉ መሬት ውስጥ አለ ማለት አይደለም።

ሪክሎዘርና ጓደኞቹ

በአየር ላይ በተዘረጋ መስመር ከሚደርሱት ብልሽቶች ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት አላፊ ናቸው፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነክቶ ይመለሳል፣ ወፍ ይነካዋል፣ መብረቅ ያልፍበታል። ተራ ብሬከር (ብልሽት ሲደርስ መስመር የሚቆርጠው መሣሪያ) ለዚህም ይቆርጣል፤ ሰው ሄዶ እስኪመልሰው ድረስም ወረዳው ይጨልማል። ሪክሎዘር ግን ቆርጦ ከግማሽ እስከ ሁለት ሰከንድ ይጠብቅና ራሱ መልሶ ያገናኛል። ብልሽቱ ካለ በድጋሚ ይቆርጣል፤ በሦስተኛ ወይም በአራተኛው ቆርጦ ይቀራል። ቅርንጫፍ መስመር ላይ የሚተከለው ሴክሽናላይዘር ደግሞ ጉዳት ያለበትን ከፍተኛ ከረንት መቁረጥ የማይችል ርካሽ ዕቃ ነው። ሥራው መቁጠር ነው፤ ሪክሎዘሩ ስንት ጊዜ እንደቆረጠ ይቆጥርና መስመሩ ኃይል በሌለበት ቅጽበት ተከፍቶ ቅርንጫፉን ይነጥላል። ቁጥሩ ከሪክሎዘሩ ቢያንስ በአንድ ማነስ አለበት። እኩል ከተደረገ ሪክሎዘሩ ቀድሞ ቆርጦ ይቀርና ቅርንጫፉ ብቻ መጥፋት ሲገባው ፊደሩ በሙሉ ይጠፋል።

ከእነዚህ በታች ትራንስፎርመር ያለበት ምሰሶ ላይ የተሰቀለው፣ ሲቃጠል ቱቦው ወደ ታች የሚንጠለጠለው ፊውዝ አለ። ከመሬት ቆሞ ሊታይ የሚችለው እርግጠኛ ምልክት እሱ ነው። አንድ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር በ15 ኪሎ ቮልት በኩል ሙሉ ጭነቱ ከ4 አምፔር አይበልጥም፤ ስለዚህ 8 ወይም 10 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። መለዋወጫ ሲጠፋ የመዳብ ክር ጠምዝዞ ማሰር የተለመደ ማዳኛ ሆኗል። በዚህ ጊዜ ፊውዙ አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው፤ ከዚያም አልፎ ሪክሎዘሩ ድረስ ያለው ሰው ሁሉ ይጨልማል። ከላይ የተተከለው ዘመናዊ መሣሪያ ምንም ያህል ቢረቅ ይህን ክር አያሸንፈውም።

የክፍፍሉ ጥቅም በሒሳብ እንዲህ ይታያል። 2,000 ደንበኛ ባለው ፊደር ጫፍ ላይ ብልሽት ደርሶ ጥገናው 4 ሰዓት ቢፈጅና መከፋፈያ ባይኖር፣ የእያንዳንዱ ደንበኛ አማካይ የመቋረጥ ጊዜ 240 ደቂቃ ነው። በሪክሎዘር ተከፍሎ 500ው ብቻ ለ4 ሰዓት፣ የቀሩት 1,500 ደግሞ ለ2 ደቂቃ ቢቋረጥባቸው አማካዩ ወደ 61.5 ደቂቃ ይወርዳል። የጥገና ቡድኑ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጠነም።

መሣሪያው የማያየው ብልሽትም አለ። ሽቦ ተበጥሶ ደረቅ አለት ላይ ሲወድቅ የሚፈሰው ከረንት ከጥቂት አምፔር ላይበልጥ ይችላል፤ ሪክሎዘሩ እንደ ተራ ጭነት ይቆጥረዋል፤ ሽቦውም ኃይል እንደያዘ መሬት ላይ ይተኛል። ለዚህ የተሠሩ የኧርዝ ጥበቃ መቼቶች (መሣሪያው መቼ እንደሚቆርጥ አስቀድሞ የሚሞሉ ልኮች) ቢኖሩም ሙሉ በሙሉ አይታመኑም። የወደቀ ሽቦ «መብራት ጠፍቷል» ተብሎ አይነካም፤ ከ10 ሜትር በላይ ርቆ፣ ከብትም አርቆ፣ በ905 መደወል ነው።

ጭነትና ቮልቴጅ

የረጅም መስመር ሕመም የቮልቴጅ መውረድ ነው። 95 ካሬ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ሽቦ በ33 ኪሎ ቮልት 50 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጫፉ ላይ 3 ሜጋ ዋት ቢጫን፣ ፓወር ፋክተሩም (ከሚጓዘው ኃይል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) 0.85 ቢሆን፣ ቮልቴጁ 7 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ 177 ኪሎ ዋት ያህልም በሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ይህን ድርሻ የሚያሻሽል 1.2 ሜጋ ቫር ካፓሲተር ወደ ጫፉ ቢተከል መውረዱ ወደ 5 በመቶ፣ ብክነቱም ወደ 134 ኪሎ ዋት ይቀንሳል። ነገር ግን ሌሊት ጭነቱ ሲቀንስ ያው ካፓሲተር ቮልቴጁን ከመጠን በላይ ያነሳዋል፤ ስለዚህ በሰዓት ወይም በቮልቴጅ የሚከፈትና የሚዘጋ መሆን አለበት። በ15 ኪሎ ቮልት ይህን ርቀትና ይህን ጭነት መሸከም ከቶ አይሞከርም።

ከተማ ውስጥ ችግሩ ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 16 አምፔር ገደማ ይስባል። በበዓል ዋዜማ 25 ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢበራ 87.5 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ለሌላው ጭነት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሁሉም በአንድ ፌዝ ላይ (ከሦስቱ የኃይል ሽቦዎች በአንዱ) ከተጠራቀመ ደግሞ ገና ግማሹ ሳይበራ ያ ፌዝ ከአቅሙ በላይ ይጫናል። ትራንስፎርመሩ ሥር የሚገጠም ቆጣሪ ሦስቱን ፌዞች በየ15 ደቂቃው ለየብቻ ስለሚመዘግብ የቱን ቤት ወደ የትኛው ፌዝ ማዛወር እንደሚገባ ያሳያል። ከቤት ቆጣሪዎቹ ድምር ጋር ሲነጻጸር ስርቆትንም ያጋልጣል። ኒውትራል ሲላላ አንዱ ቤት 150፣ ጎረቤቱ 300 ቮልት የሚያገኝበትን ሁኔታ ስማርት ቆጣሪ ፍሪጅ ሳይቃጠል ሊጠቁም ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የትኛው ቤት ከየትኛው ትራንስፎርመር እንደሚመገብ በትክክል ከተመዘገበ ብቻ ነው። ምሰሶ ላይ ቁጥር መጻፍና ደንበኛን ከትራንስፎርመሩ ጋር ማዛመድ አሰልቺና ርካሽ ሥራ ነው፤ ሳይሠራ የተገዛ ሶፍትዌር ሁሉ ከንቱ ወጪ ነው።

መገናኛና ባትሪ

መሣሪያዎቹ ከመቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር የሚነጋገሩት በሞባይል ኔትወርክ፣ በሬዲዮ ወይም በመስመሩ ላይ በተዘረጋ ፋይበር ነው። ሞባይል ርካሽ ቢሆንም የአንባሰልና የየጁ ገደሎች ኔትወርክ ይጋርዳሉ፤ በ2015 ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደታየውም ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሪክሎዘሩ ትእዛዝ ባይደርሰውም በራሱ መቼት መወሰን አለበት። የውስጡ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ባትሪው ከሞተ መሣሪያው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይሞታል፤ ይኸውም በሚፈለግበት ሰዓት መሆኑ ነው።

ከረጅም መቋረጥ በኋላ መመለስ

ኃይል ለሰዓታት ጠፍቶ ሲመጣ ፊደሩ ከተለመደው ጭነት እጥፍ ሊስብ ይችላል፤ ፍሪጁ ሁሉ ሞቋል፣ ምጣዱ ሳይነቀል ቀርቷል። ሪክሎዘሩ ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ይቆርጣል፤ ሠራተኛውም የሌለ ብልሽት ፍለጋ መስመር ለመስመር ይንከራተታል። ለዚህ የሚደረገው ሁለት ነው። መቼቱ ለመጀመሪያዎቹ 10 ወይም 15 ደቂቃዎች ከፍ እንዲል አስቀድሞ ይሞላል፤ ቅርንጫፎቹም በየተራ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እየተጠበቀ ይገናኛሉ፤ ሆስፒታልና የውሃ ፓምፕ ያለበት ቅርንጫፍ ይቀድማል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ምጣድና ፍሪጅ ነቅሎ አንድ አምፖል ብቻ አብርቶ ቢተው፣ አምፖሉ ሳይንቀጠቀጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ዕቃውን አንድ በአንድ መመለስ ይችላል።